«ወፍ የለም!»

የከተማ ልጅ ሁሉ «ወፍ የለም!» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። ታክሲ ሲጠፋ ወፍ የለም። ደሞዝ ሲዘገይ ወፍ የለም። የጠበቃት ልጅ ስትቀር... ወፍ የለም። እኛም ይህን ቃል በቀን አሥር ጊዜ ስንደጋግመው ኖረን፣ አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ «ግን እውነት ወፍ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ቀልድ ነበር። መጨረሻው ግን በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከአዳማ መናኸሪያ በሚኒባስ ተጨናንቆ ወደ ዴራ መጓዝ ሆነ።

መንገዱን ለማያውቁት፦ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው አስፋልት መልካሳ ላይ አዋሽን ይሻገርና ዴራን፣ ኢተያን፣ ቁሉምሳን እያለ ወደ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ይወጣል። መልካሳ ስንደርስ ረዳቱ «ሶደሬ ናችሁ አይደል? እዚህ ነው መውረጃው» አለን። አልፈረድንበትም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት በዚህ መስመር የሚያልፈው ፍል ውኃ ለመዋኘት ነው። «አይ፣ ዴራ ነን። ወፍ ልናይ ነው» አልነው። የኋላ ወንበር በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት ብቻ ዘወር ብለው በሐዘኔታ አዩንና «ተማሩ ተብለው ተልከው ይሆናል» አሉ ለጎረቤታቸው።

ዴራ ወርደን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ከተማዋን ለቅቀን በማሽላ ማሳዎችና በግራር መካከል ወደ አዋሽ አቅጣጫ ስንወርድ መጀመሪያ ያገኘነው ወፍ ሳይሆን ጅራፍ ነው። ጧ! የሚል ድምፅ። ቀና ስንል፣ በአራት እንጨት ላይ የቆመ ማማ፤ ማማው ላይ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፤ በአንድ እጁ ጅራፍ፣ በሌላው ወንጭፍ። ከማማው ሥር ደግሞ አንድ አዛውንት ገበሬ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ፣ ኦቦ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቼ። ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ወፍ ልናይ መጥተን ነው። ወፍ አለ?»

አዛውንቱ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ማሳውን በእጃቸው አሳይተው «ወፍ አለ ወይ ትሉኛላችሁ? ኧረ ወፉ ነው እኛን የለም ሊያደርገን!» አሉን።

የጉዟችን ዕቅድ እዚያው ላይ ተበላሸ። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም በዚያ መልስ ምክንያት ነው። እኛ ወፍ ለማየት አንድ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር መጥተናል፤ ማማው ላይ ያለው ልጅ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ወፍ ከማየት ሌላ ሥራ የለውም፤ እንዲያውም ወፉን ሲያይ ትምህርት ቤቱን አያይም። ከሁለታችን ማን ነው «ወፍ ተመልካች»?

(ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንባቢ ሰባትና ስምንት እየቀነሰ ያንብብ።)

አዛውንቱን ያስመረረው ወፍ ግሪሳ ነው። ድንቢጥ የምታህል፣ ሃያ ግራም እንኳ የማትሞላ፣ ምንቃሯ ቀይ የሆነ ሚስኪን ነገር ናት፤ አንድ ለብቻዋ ብታዩአት ታሳዝናለች። ችግሩ ግሪሳ አንድ ለብቻዋ የማትገኝ መሆኗ ነው። በዓለም ላይ በዱር ከሚኖሩ ወፎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጣት የለም ይባላል። አንዷ በቀን አሥር ግራም ያህል እህል ትበላለች፤ ሁለት ሚሊዮን ሆነው ሲመጡ በቀን ሃያ ቶን ማለት ነው። ማሽላው ገና ወተት ሲይዝ ይወርዱበታል። የአንድ ገበሬ ማሳ ለእነሱ ቁርስም አይሆን።

ስለ ግሪሳ ከተጻፉት ትልልቅ ነገሮች አንዱ የተጠናው በዚሁ በእኛ ስምጥ ሸለቆ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ደቃቅ የቀለም ብናኝ በአውሮፕላን ከላይ በመርጨት የግሪሳ መንጋዎችን «ምልክት» ያደርጉ ነበር። ቀለሙ በተራ ዓይን አይታይም፤ ወፏ ተይዛ በልዩ መብራት ስትታይ ግን ያበራል። እንግዲህ እዚህ ቀለም የተቀባችው ወፍ ሌላ ቦታ ስትያዝ የት እንደሄደች ይታወቃል። በዚህ ዘዴ የተገኘው ውጤት በ1986 ታተመ፦ ግሪሳ በአንድ ክረምት አንድ ቦታ ላይ ፈልፍላ ዝም አትልም፤ ዝናቡን እየተከተለች በስምጥ ሸለቆው ርዝመት ትጓዝና እዚያው ወቅት ውስጥ ሌላ ቦታ እንደገና ጎጆ ትሠራለች። ልጆቿን አሳድጋ ሳትጨርስ ስለሚቀጥለው ዝናብ የምታስብ ናት ማለት ነው። አዛውንቱን ይህን ነገርናቸው። «ዝናብ ተከትላ እንደምትመጣማ አባቴም ያውቅ ነበር» አሉ። ቀለሙ ግን ገረማቸው።

ግሪሳን ለማጥፋት በአውሮፕላን የሚረጨው መድኃኒት ሌላ ታሪክ ነው። ወፎቹ በሚያድሩበት ደንገልና ቁጥቋጦ ላይ አመሻሽ ላይ ይረጫል፤ ግሪሳ ይገድላል፤ ግን ግሪሳን ለይቶ የሚገድል መድኃኒት ስለሌለ እዚያው ያደረውን ሌላ ወፍ፣ በማግሥቱም የሞተችውን ግሪሳ የበላውን ጭልፊት ይገድላል። አዛውንቱ አውሮፕላኑ እንዲመጣ ነው የሚፈልጉት። እኛ የከተማ ልጆች እዚያ ቆመን «ግን እኮ ጭልፊቱ...» ልንል ፈልገን አፍረን ተውነው። ማሳው የእኛ አይደለማ።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በዚህች አገር ወፍና ነፍሳትን አይቶ በመጻፍ የቀደመው ማን ነው? መልሱ ፈረንጅ ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ቢያንስ በከፊል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ገና በአክሱም ዘመን እንደተተረጎመ የሚታመን «ፊሳልጎስ» የሚባል መጽሐፍ አለ፤ ስለ እንስሳት፣ ስለ ወፎችና ስለ ጉንዳን ጭምር የሚናገር። በመጽሐፉ ውስጥ ፔሊካን የሞቱ ልጆቿን በገዛ ደሟ የምታስነሳ ወፍ ናት። ነገሩ ሥነ ፍጥረት ሳይሆን ስብከት ነው፤ ጸሐፊው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ፔሊካን ስለማየቱ እንጠራጠራለን። ቢሆንም መነኮሳቱ ስለ ፔሊካን ሲያነቡ፣ ከእነሱ ጥቂት ሳምንት መንገድ ርቆ ሻላ ደሴት ላይ እውነተኞቹ ፔሊካኖች በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች እያሳደጉ ነበር ብለን ስናስብ ደስ ይለናል።

ከዚያ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ሲታተም ከያዛቸው አስፈሪ ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያ ከብቶችን ከብበው የሚያስጨንቁ፣ እረኛውን ከነከብቱ አገር የሚያስለቅቁ አደገኛ ነፍሳት ናቸው። ስማቸውን ሲነግረን «ዚምብ» ይላል። አዎ። ዝንብ። ቃሉ ከዚያ በኋላ የአንድ ልዩ የሐበሻ አውሬ ስም ሆኖ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። ብሩስ ያያት ዝንብ በእርግጥ ክፉ ልትሆን ትችላለች፤ ግን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የመለሰለት ሰው ያለው «ዝንብ ነዋ!» ብቻ ይመስለናል።

ወደ አርሲ ስንመጣ ታሪኩ ይከብዳል። የምኒልክ ጦር አርሲን ለመያዝ የተዋጋው ከ1882 እስከ 1886 ድረስ ነው። ያ ጦርነት ለዚህ አካባቢ ሰው ምን እንደነበር አንባቢ ያውቃል፤ እዚህ አንዘረዝረውም። የወፍ ሰብሳቢዎቹ መምጣት ግን ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው፤ መንገዱ «ጸጥ» ካለ በኋላ ነው የተከፈተላቸው። በ1900 ጀርመናውያኑ ካርሎ ፎን ኤርላንገርና ኦስካር ኖይማን ከሐረር ተነስተው በሼክ ሁሴን በኩል የአርሲን ምድር አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡ። ኤርላንገር ወደ አገሩ ተመልሶ ገና በወጣትነቱ በ1904 በመኪና አደጋ ሞተ። ስሙ ግን በእኛ ደጋ ሜዳ ላይ የምትሮጥ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ላይ ቀርቷል። ወፏ ይህን አታውቅም።

በ1908 ደግሞ አይቨር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት የአርሲ ተራሮች ላይ ሳይንስ የማያውቀውን ትልቅ አጋዘን ተኩሶ ጣለ። ያ ዛሬ በአሥር ሳንቲማችን ጀርባ ላይ ያለው የደጋ አጋዘን ነው። የላቲን ስሙ እስከ ዛሬ «በክስቶኒ» ነው። የአርሲ ገበሬ ያን አውሬ ስንት መቶ ዓመት ሲያየው እንደኖረ ማንም አልጠየቀም።

ከሁሉም ሰፊውን ሥራ የሠራው በ1911 መጨረሻና በ1912 የመጣው የአሜሪካ ቡድን ነው። የፒትስበርጉ የብረት ቱጃር ልጅ ቻይልድስ ፍሪክ ገንዘቡን ይዞ፣ የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ኤድጋር ሚርንስ ደግሞ ወፍ ዐዋቂ ሆኖ በአርሲ አምባ ላይ አልፈዋል። ቆዳቸው ተገፎ፣ ጥጥ ተሞልቶ፣ እግራቸው ላይ ወረቀት ታስሮ የሄዱት ወፎች ዛሬም ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ሚርንስ በ1916 ስለሞተ ዝርዝሩን የጻፈው ኸርበርት ፍሪድማን ነው፤ ሁለቱ ጥራዞች በ1930ና በ1937 ታተሙ። እኛ ከዚህ ሁሉ የቆረቆረን አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ወፍ የተገደለበት ቀንና ከፍታ ተጽፏል። ድንኳን የተከለው፣ በቅሎ የጫነው፣ «እዚያ ረግረግ ውስጥ አንድ ዓይነት አለ» ብሎ ያመላከተው ሰው ስም ግን ወፎቹ በተሰየሙበት ዝርዝር ውስጥ የለም። ወፍ እንደ አገሩ ይጮኻል ይባላል፤ የሚጠራው ግን በሌላ አገር ስም ነው።

ይህን ስንል ሰዎቹን ለመርገም አይደለም። እነዚያ መሳቢያዎች ባይኖሩ ኖሮ ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ምን እንደነበረ የምናውቅበት ነገር አይኖርም ነበር። በገዳይ እጅ የተጻፈ መዝገብም መዝገብ ነው። የሚያናድደው ሌላው መዝገብ፣ ማለትም የጠባቂዎቹ፣ አለመጻፉ ነው። ለምሳሌ በኦሮምኛ ወፍ «ሲምቢራ» ነው፤ ከእኛ አንዱ ሽምብራ የተባለ መስሎት አዛውንቱን «ሽምብራም ትዘራላችሁ?» ብሎ አስቋቸዋል። ያን ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ከልጁ ስምንት የወፍ ስም ሰማን፤ የትኛው ወፍ ማሳ እንደሚበላ፣ የትኛው ፌንጣና ተምች እየለቀመ ማሳውን እንደሚያጸዳለት፣ በየትኛው ላይ ወንጭፍ እንደማይወረወር ለየልን። ነጩን ሳቢሳ አይመታም። «ይሄ የከብት ነው» አለ። ከብቱ ሲሄድ የሚነሳውን ፌንጣ እየለቀመ፣ ከላዩም መዥገር እያነሳ የሚውለው ወፍ ለእሱ የሥራ ባልደረባ ነው።

ቀትር ላይ ውኃው ዳር ደረስን። አዋሽ እዚህ ጋ ለስም ወንዝ ነው እንጂ የሚፈሰው በሰው ፈቃድ ነው። ከላይ ቆቃ አለ፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሳ ተሠርቶ በ1960 ውኃ የያዘ ግድብ። ከቆቃ በታች ወንጂ፤ ከኢንዶኔዥያ የተነቀሉት ሆላንዳውያን በ1954 ስኳር ማምረት የጀመሩበት። ቀጥሎ በ1966ና በ1971 ሥራ የጀመሩት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት። ወንዙ ቀድሞ በክረምት ሜዳው ላይ ወጥቶ ይተኛ ነበር፤ ሲመለስ ለምለም ሣር፣ ረግረግና እንቁራሪት ትቶ ይሄዳል። ያን ዓይነቱን መሬት ነው በአማርኛም በኦሮምኛም ጨፌ የምንለው። አንባቢ ልብ ይበል፦ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጠው ጨፌ ላይ ስለነበር ሸንጎው ራሱ «ጨፌ» ተባለ፤ የኦሮሚያ ምክር ቤትም እስከ ዛሬ ስሙ ይኸው ነው። ሕግ የወጣው ሣርና ውኃ ባለበት፣ ከብት በሚጠግብበት ነው። ኢሬቻም ውኃ ዳር፣ እርጥብ ሣር ተይዞ ነው። በዓመት በዓል ሳሎናችን ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጠማስ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል? ረግረግን «ጥቅም የሌለው መሬት» ብሎ የሚያደርቅ ሰው ቄጠማ ሲገዛ ግን ዋጋው ተወደደ ብሎ ይከራከራል።

ከአዋሽ ዳር ካሉት ዕፅዋት አንዱን አዲስ አበቤ ሁሉ በዜና ያውቀዋል፤ እምቦጭ። ጣና ላይ የተወራበት ከ2011 ወዲህ ስለሆነ ትናንት የመጣ ይመስለናል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበው ግን በ1965 በቆቃና በአዋሽ ላይ ነው፤ በእኛው ጉዞ ሰፈር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ማንም ዘፈን አላወጣለትም። በቅርብ ዓመታት ዝዋይንም ይዟል። አንዲት እግረ ረጅም ወፍ በእምቦጩ ቅጠል ላይ እንደ ምንጣፍ ስትራመድ አየናትና ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን፤ የእግሯ ጣቶች የሸረሪት ይመስላሉ፤ ቅጠሉ አይሰምጥባትም። ለእሷ እምቦጭ ሠርግ ነው። በውኃው ላይ ደግሞ ቀጫጭን፣ ክንፋቸው እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ቀይና ሰማያዊ የሆኑ በራሪዎች ይመላለሱ ነበር። ከእኛ አንዷ «ተርብ!» ብላ ሮጠች። ተርብ አይደሉም፤ አይናደፉም። እንዲያውም የቢንቢ ጠላቶች ናቸው፦ ሕፃን ሳሉ ውኃ ውስጥ የቢንቢን ልጆች ይበላሉ፣ ሲያድጉ አየር ላይ ወላጆቻቸውን።

ቢንቢን ካነሳን 1958ን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። ያ ዓመት የነፍሳት ዓመት ነበር። አንበጣ 167,000 ቶን እህል ጨረሰ፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚቀልብ እህል ነው። በዚያው ዓመት የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ፤ ወደ 150,000 የሚገመት ሰው ሞተ። የሚገርመው በዚያው በ1958 ማኦ ዜዱንግ በቻይና ድንቢጥ እህል ትበላለች ብሎ ሕዝቡን በሙሉ ድስት እያስደበደበ ድንቢጥ እንዲፈጅ ያዘዘበት ዓመት ነው። ድንቢጦቹ ሲያልቁ ነፍሳቱ ተባዙ፣ ረሃቡም ባሰ፤ በ1960 ድንቢጥ ከጠላት ዝርዝር ወጥታ ትኋን ተተካች። ማማው ላይ ያለው ልጅ ይህን ስሕተት አይሠራም ነበር፤ የትኛዋ ወፍ ፌንጣ እንደምትበላ ያውቃላ!

እኛ ዘንድ ከ1958 በኋላ የመጣው የወባ ማጥፊያ ድርጅትና ዲዲቲ ነው። ወላጆቻችን ያስታውሱታል፦ ጀርባው ላይ ጋን ያዘለው ሰውዬ ይመጣል፣ ዕቃ ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ግድግዳው ነጭ ይሆናል። ስንት ሕይወት እንዳዳነ ለመካድ ድፍረቱ የለንም። ራሔል ካርሰን «ጸጥ ያለ ጸደይ» የተሰኘውን መጽሐፏን በ1962 ስታወጣ ዲዲቲ የወፍ እንቁላል ቅርፊት አሳስቶ እናቲቱ ስትታቀፈው እንደሚሰብር በዓለም ላይ ክርክር ተነሳ። ኢትዮጵያ ቤት ለቤት ዲዲቲ መርጨቷን እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቀጥላለች፤ ያቆመችውም በዋናነት ትንኟ መድኃኒቱን ስለለመደችው ነው። በ2014 የታተመ ጥናት በዝዋይ ሐይቅ ዓሦችና ዓሦቹን በሚበሉ ወፎች አካል ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት አግኝቷል። ከትንኝ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ። ዝዋይ ጀልባ መቆሚያው ላይ ራሰ በራው አባ ኮዳ እንደ ጡረተኛ ኮሎኔል ቆሞ የሚጠብቀው የዓሣ ሆድ ዕቃ ውስጥ የአያቶቻችን ወባ ታሪክ አለ ማለት ነው። ያንኑ ዓሣ ጥብስ አድርገን እኛም በልተናል።

ከአርሲ ጋር የዝዋይ ሐይቅ ግንኙነት የቅርብ ነው። ከጭላሎና ከገላማ ተራሮች የሚነሳው የቀጣር ወንዝ ነው ከምሥራቅ የሚሞላው፤ መቂ ከምዕራብ ይገባል። ሐይቁ ሲተርፈው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብጃታ ይሰጣል። አብጃታ መውጫ የለውም፤ የሚኖረው ዝዋይ በሚሰጠው ነው። ይህን ያዙልን።

በ1960ዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኤሚል ኧርባንና ኬንያ ይኖር የነበረው ሌስሊ ብራውን ሻላ ሐይቅ ላይ ያለች ደሴት ላይ የሚፈለፍሉትን ፔሊካኖች አጠኑ። ጥናቱ በ1969 ታተመ። ነገሩ እንቆቅልሽ ነበር፦ ሻላ በጣም ጥልቅና ጨዋማ ስለሆነ ለዚያ ሁሉ ፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ታዲያ ለምን እዚያ ይወልዳሉ? ለጸጥታው ነው፤ ደሴቷ ላይ ቀበሮም ሰውም አይደርስም። ለገበያ ግን ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ጠዋት ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቀው ይጠብቃሉ፤ ሞቃቱ አየር ሲነሳ ክንፋቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ያለ ድካም ይወጣሉ፤ ከዚያ ተንሸራትተው ጎረቤት አብጃታ ላይ ያርፋሉ። አብጃታ ጥልቀት የሌለው፣ ዓሣ የሞላበት ሐይቅ ነበር። የልጆች ማሳደጊያ ሻላ፣ ማጀት አብጃታ። የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲከለል ዋናው ምክንያት አንበሳና ዝሆን ሳይሆን እነዚህ ወፎች ነበሩ። በዚህ አገር ለወፍ ተብሎ ፓርክ!

ከዚያ የሆነውን በአጭሩ እንናገር፤ ረጅም ማድረግ ያማል። በ1980ዎቹ የሶዳ አሽ ፋብሪካ መጥቶ ከአብጃታ ውኃ ማውጣት ጀመረ። በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር የመስኖ ፓምፖች በዙ፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ የአበባ እርሻዎች ተጨመሩ። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬም ፓምፑን ገዛ፤ እኛም ቲማቲሙን ገዛን። ዝዋይ ሲቀንስ ለአብጃታ የሚተርፈው ቀነሰ። አብጃታ በ1970ዎቹ ከነበረው ስፋት ዛሬ ከግማሹም ያነሰ ነው፤ ውኃው ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ማጀታቸው ባዶ ሆነ። ከሻላ ተነስተው ለልጆቻቸው ዓሣ ፍለጋ ርቀው መብረር ነበረባቸው፤ ለአንዳንዱ ጫጩት ያ ርቀት ሞት ነው። ፍላሚንጎዎቹ ጨው ስለሚወዱ ቆዩ፤ ጎብኚም ሮዝ ቀለም ሲያይ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ፎቶ ያነሳል። አይፈረድበትም። ድሮ ምን እንደነበረ የሚያውቀው 1969ን ያነበበ ብቻ ነው።

የመቁጠር ጥቅም እዚህ ላይ ነው የገባን። ሁለቱ ሰዎች ደሴቷ ላይ ተቀምጠው ጎጆ ባይቆጥሩ ኖሮ፣ ዛሬ የፋብሪካውም የአበባውም የፓምፑም ባለቤት «ፔሊካን? ድሮም ወፍ የለም!» ሊለን ይችል ነበር።

የእኛ ሰዎችም አልተኙም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ አለ፤ ንጉሡም ደርጉም አልፈውበታል። በ1996 ለወፎች ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች መዝግቦ በመጽሐፍ አወጣ። ሆለታ አቅራቢያ በርጋ በሚባለው ረግረግ ላይ ደግሞ በዓለም ላይ ካሉ እጅግ ብርቅ ወፎች አንዷ ክረምት እየጠበቀች እንደምትፈለፍል ታወቀ። ከጫጩት ብዙም የማትበልጥ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሣር ውስጥ እንደ አይጥ የምትሽሎከሎክ ናት። እርሷን ለማትረፍ ከብቶች በመራቢያዋ ወቅት ከረግረጉ እንዲርቁ የተስማሙት የሰፈሩ ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው፤ ማኅበር አቋቁመው። የፈረንጅ ጠመንጃም፣ የመንግሥት አጥርም ያልሠራውን ሥራ ነው የሠሩት። የአገራችን ወፎች ቁጥር ከ850 ዓይነት ይበልጣል፤ በአማርኛ ስንቱን ልንጠራ እንችላለን ብለን እዚያው ውኃ ዳር ተወዳደርን። ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጋጋኖ፣ ጅግራ፣ ቆቅ፣ ዋኔ፣ ሽመላ፣ ይብራ... አሸናፊው ሃያ ሦስት ላይ ቆመ፤ «ዶሮ» ብሎ ሲጨምር ተቃውሞ ስለተነሳ ሃያ ሁለት ተባለ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አዛውንቱ ወደ ቤት ገብተዋል፤ ልጁ ግን ማማው ላይ ነው። ፀሐይዋ ወደ ቆቃ በኩል ስታዘነብል ከምሥራቅ አንድ ጭስ የሚመስል ነገር ተነሳ። ጭስ ግን እንዲያ አይጠማዘዝም። አንዴ እንደ ኳስ ይሰበሰባል፣ አንዴ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። እውነት ለመናገር በሕይወታችን ካየናቸው ነገሮች ሁሉ ውብ ነበር፤ ካሜራ አወጣን። ልጁ ግን ጅራፉን አነሳ።

«ጋሼ፣ ያዝልኝ!» ብሎ ወንጭፉን ከእኛ ለአንዱ ወረወረለት። ድንጋይ ለቀምን። ጮኸን። አንዷ ጓደኛችን ነጠላዋን እያውለበለበች በማሽላው መካከል ሮጠች። መንጋው በላያችን አለፈ፤ የክንፋቸው ድምፅ እንደ ዝናብ ነው። ግማሹ ጎረቤት ማሳ ላይ ወረደ፤ ከዚያም የሌላ ልጅ ጅራፍ ሲጮኽ ተሰማ። ስንት ነበሩ ብለን ከዚያ በኋላ ብንከራከርም ልንስማማ አልቻልንም። ልጁን ጠየቅነው። ሰማዩን ትንሽ አየና «የትናንቶቹ ይበልጣሉ» አለን፤ ከዚያም ሊመሽ ስለሆነ መኪና ሳያመልጠን ወደ አስፋልቱ ቶሎ እንድንወጣ ነገረን።